ኮምቦልቻ ላይ ላንድክሩዘር ከፍ ልታስደርጉ ያሰባችሁ፣ ቆዩ!

190 ሺህ ብር ከፍዬ የራሴን ሞላ፣ ማለት መኪናዋን ከስር የሚሸከመውን ጥቅልል ብረት፣ ቀለም አስቀብቼ መጣሁ። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው።

የጋራዡን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። እሱን ባታውቁት መሰሉን ታውቃላችሁ። ገና ከበር ሳትገባ «አብሽር ወንድሜ!» የሚልህ፣ ሻይ የሚያዝልህ፣ ኮፈኑን ሳይከፍት «ይቺ መኪና እኮ ወርቅ ናት» የሚልህ። ስልኩ ላይ የዱባይ ዕቃ ፎቶ ደርድሮ በጣቱ እየገፋ የሚያሳይህ። እሱ ነው።

መኪናዬ በፈረንጅ የ1994 ሞዴል ላንድክሩዘር ናት። 11 ዓመት ቱሪስት አመላልሼባታለሁ። አሁን ደግሞ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚሄዱ እንግዶች ይዤ ነበር። የግሸንን አቀበት የወጣ ያውቀዋል፤ ድንጋዩ ሆዷን እየፋቀ ነው የሚያሳልፋት። 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ላስደርጋት አልኩ። የተስማማነው አራት አዲስ ረጃጅም ሞላ፣ ለእሱ የሚመጥን አራት አሞርዛተር (የሞላውን ንጥሪያ የሚያበርደው)፣ የፊት አክስሉን ዝንባሌ የሚያስተካክል ቦኮላ (መጋጠሚያው ውስጥ የሚገባው ጎማ) ነው። መቶ ሺውን በቀብድ፣ የቀረውን ሲያልቅ።

ሞኝነቴን ልናገር እንግዲህ። መኪናዋ ክሪክ ላይ እንደወጣች ሰውዬው ትከሻዬን ይዞ «አሮጌውን ሞላ ምን ያደርግልሃል? ቤትህን ታጣብብበታለህ። እኛ ለቆራሌው እንሰጠዋለን» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ! ከዚያ ምሳ ወጣሁ። ጥብስ በላሁ። ሌላውን ሹፌር «ሲፈታ ከአጠገቡ እንዳትነሳ» እያልኩ የምመክረው እኔ ነኝ። ስመለስ ቁመቷ ሌላ ሆኗል። ከስር ቢጫ ሞላ ያብረቀርቃል። ፎቶ አነሳኋት። ለባለቤቴ ላክሁላት። 90 ሺውን ቆጠርኩ፣ ለልጆቹ 500 ብር ጉርሻ ጨመርኩ። ጉርሻዋ ናት ከሁሉ በላይ የምታንገበግበኝ።

ወደ ደሴ ስወጣ፣ የሀረጎ ዳገት ላይ ችግሩ ጀመረ። ታጥፌ መሪውን ስለቅቀው በራሱ አይመለስም። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ደግሞ ትዋልላለች። መኪና ከፍ ሲል የፊት አክስሉ ትንሽ ይዞርና መሪውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ዝንባሌ ይቀንሳል። ቦኮላው የሚገባው ለዚሁ ነበር። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከስር ቋ! ይላል። አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይላመዳል ብዬ ደሴ ገባሁ። ሰው ራሱን ሲሸውድ እንዲህ ነው።

በማግስቱ አንድ የማውቀው የደሴ ሜካኒክ ጋ ወሰድኳት። የኋላ ግራ ጎማውን ፈታ። እጁን ከቶ ሞላውን ዳበሰ፣ ዝም አለ። ደግሞ ዳበሰ። «ና እስቲ እጅህን አምጣ» አለኝና ጣቴን ይዞ ሞላው ላይ አስቀመጠው። የማሽላ ፍሬ የምታክል ጉብታ። አምና የኋላ መከላከያዬን ሳስበይድ እዚያ ላይ የነጠበች ብረት ናት። ሲነጥብ አይቼዋለሁ፤ በያጁን ተቆጥቼበታለሁ። በጥፍሬ ፋቅሁት። ቢጫው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ፣ ከስሩ ጥቁሩ የራሴ ሞላ። ወደ ላይ አየን። ከሞላው አናት ላይ ቶርኖ ቤት የተቆረጠ ቀለበት ተቀምጧል፤ ለካ ከፍ ያደረጋት እሱ ነው። አራቱም ጋ እንደዚያው። አሞርዛተሩም የድሮው ነው፣ ቀለም ቀብተውታል። አጭር ስለሆነ ጎማው ሲወርድ ተወጥሮ ይመታል። ቋ የሚለው እሱ ነው። ቦኮላ የሚባል ነገር አልተነካም።

ሜካኒኩ «ስትወርድ ፍሬን ላይ ተጠንቀቅ» አለኝ። ለካ የኋላ ፍሬኑን እንደ ጭነቱ የሚመጥን ቫልቭ አለ፣ በዘንግ ከአክስሉ ጋር የተያያዘ። አካሉ ከፍ ሲል መኪናዋ ባዶ ናት ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። እንግዶቼን ጭኜ ቁልቁለት ብወርድባትስ ኖሮ? እሱን ሳስብ ብሩን እረሳዋለሁ።

ሀረጎን በሁለተኛ ማርሽ ወርጄ ጋራዡ ደረስኩ። ሰውዬው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነበር። ስጮህበት አልተቆጣም። ወደ አንዱ ልጅ ዞሮ «ሜትር አምጣለት» አለው። ሜትሩን እጄ ላይ አስቀመጠ። «ለካ። ከፍ አለች አላለችም?» ደረሰኜን አወጣሁ። የተጻፈው «መኪና ከፍ ማድረግ» ብቻ ነው። ሞላ የሚል የለም፣ አሞርዛተር የሚል የለም። ሲሰጠኝ አላነበብኩትም። ከመኪና ስር የተኛው ልጅ ብቅ ብሎ «ፋዘር፣ ከፍ ብላለች እኮ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። ያቺን 500 ብር የተቀበለችው እጅ ናት ሜትሩን የሰጠችኝ።

የግሸን እንግዶቼን ለጓደኛዬ አሳልፌ ሰጠሁ። እናንተ አሮጌ ዕቃችሁን ሳትረከቡ እንዳትከፍሉ። ደረሰኙ ላይ ዕቃው በስሙ ይጻፍ። ምሳም ይቅርባችሁ።

ቀለበቶቹን ትናንት ማታ አስወልቄ ቤት አመጣኋቸው፣ ለክስ ማስረጃ ይሆናሉ ብዬ። ዛሬ ጠዋት ቡና ሲፈላ አየሁ። ባለቤቴ አንዱን አጥባ ማቶት አድርጋዋለች። ጀበናው ልክክ ብሎበታል።