ለአዳማው የፍሪሲዮን ባለሙያ ምስጋና፦ ሸራ እየደጋገመ ለሚበላባችሁ የሃይስ ባለንብረቶች

በአዳማ–አሰላ መስመር ለምትሠሩ፣ በተለይ 5ኤል ሞተር ያለው ቶዮታ ሃይስ ላላችሁ፦ ፍሪሲዮን አስቀይራችሁ ብዙም ሳይቆይ እንደገና መንሸራተት (ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልጎትት ማለት) ከጀመረ ሌላ ሸራ፣ ማለትም የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ፍራንኮ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ጎራ በሉ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። የብዙዎቻችንን መኪና ከማያልቅ ወጪ ገላግለዋል። እግዜር ይስጥልን ብሎ ብቻ ማለፍ ስለከበደን አሠራራቸውንም ጭምር እናካፍላችሁ።

መስመሩን ታውቁታላችሁ። ከአዳማ ወጥቶ አዋሽን ተሻግሮ በዴራና በኢተያ አሰላ እስኪደርስ መኪናው ከ700 ሜትር የማያንስ ከፍታ ይወጣል፤ ያውም ሰው ሞልቶ፣ ጣሪያው ላይ ጭነት ይዞ። ስለዚህ ሸራ ሲቃጠል ወዲያው ሹፌሩ ነው የሚወቀሰው። እርግጥ ነው፣ እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ የሚነዳ፣ ዳገት ላይ ፍሬን ትቶ በፍሪሲዮን ይዞ የሚቆም ሹፌር የትኛውንም ሸራ ይጨርሳል። ያው ሹፌር ሌላ መኪና ይዞ በዚሁ ዳገት በሰላም ሲመላለስ ከታየ ግን ጥፋቱ ከመኪናው ነው።

ጋሼ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) ከማውረዳቸው በፊት የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ የሚንሸራተተው ጠዋት ገና ሲነሳ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? በቀዝቃዛውም የሚንሸራተት ከሆነ ሸራው አልቋል፣ ወይም ዘይት ነክቶታል። ጠዋት ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ከሞቀ በኋላ ብቻ የሚለቅ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠረጥሩት የፔዳሉን ግፊት በዘይት ወደ ፍሪሲዮኑ የሚያደርሰውን ፓምፕ ነው። ብዙ ጋራዥ የሚዘለው ይህንን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔዳሉ ሲለቀቅ፣ ፔዳሉ ጋ ያለው የላይኛው ፓምፕ ፒስተን እስከ መጨረሻው ተመልሶ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበትን መንገድ መክፈት አለበት። መግፊያ ዘንጉ ረዝሞ ከታሰረ ወይም የውስጥ ጎማው አብጦ ከሆነ መንገዱ እንደተዘጋ ይቀራል። ከሞተሩ ሙቀት የተነሳ የተለጠጠው ዘይት መሄጃ ሲያጣ ካምቢዮው ጋ ያለውን የታችኛውን ፓምፕ ይገፋል። ሹፌሩ እግሩን አንስቶም ቢሆን ፍሪሲዮኑ በከፊል እንደተረገጠ ይጓዛል ማለት ነው። እንዲህ ባለ መኪና ላይ አዲስ ሸራ መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ፈተናቸው ቀላል ነው። መኪናው ሞቆ መንሸራተት እንደጀመረ ሞተሩን ያስጠፉና ጎማዎቹን በድንጋይ ያስደግፋሉ። ከዚያ የታችኛው ፓምፕ የአየር ማስወጫ ላይ ቀጭን ግልጽ ቱቦ ሰክተው ሩብ ዙር ያህል ይፈቱታል። ፔዳሉን ማንም አይነካም። ጤነኛ ከሆነ ዘይቱ ጠብ ጠብ ይላል። ተዘግቶ ከሆነ ግን ፊጭ ብሎ ቱቦው ውስጥ ይሮጣል፤ የፓምፑ ዘንግም ወደ ቤቱ ሲመለስ በዓይን ይታያል። ያኔ የመግፊያ ዘንጉን አሳጥረው የፔዳሉን ነጻ እንቅስቃሴ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ያስተካክላሉ፤ ጎማው ካበጠ የላይኛውን ፓምፕ ይቀይራሉ። የላስቲክ ቱቦውንም አያልፉትም፤ ውስጡ አብጦ ዘይት ወደ ታች አሳልፎ ወደ ላይ የማይመልስ ቱቦ ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። የጠቆረውን ዘይት አስወጥተው ዶት 3 የፍሬን ዘይት ይሞላሉ። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት እዚያ ውስጥ ከገባ ጎማዎቹን ሁሉ ያሳብጣል፣ ስለዚህ በእጅ የተገኘውን አትጨምሩ። ሸራው ገና ካልተቃጠለ መኪናው በዚሁ ብቻ ካምቢዮ ሳይወርድ ወደ ሥራ ይመለሳል።

ካምቢዮው መውረድ ካለበት ደግሞ አሮጌውን ሸራ ጠረጴዛ ላይ አውጥተው ከባለንብረቱ ጋር ያዩታል። ዘይት የጠጣ ሸራ ከሆነ የየት ዘይት እንደሆነ ይለያሉ። ጥቁርና ቀጠን ያለ ከሆነ ከቮላኖው (ሸራው ከሚያርፍበት ከሞተሩ ከባድ ዲስክ) ጀርባ ያለው የሞተሩ የኋላ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው ቀለበት) ነው፤ ወፈር ብሎ ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ የካምቢዮው የፊት ኦይል ሲል ነው። ለሁለተኛው የካምቢዮውን መተንፈሻም ያጸዳሉ። መተንፈሻው በአዋራና በጭቃ ከተደፈነ የሞቀው አየር መውጫ ስለሚያጣ አዲሱንም ኦይል ሲል አልፎ ዘይት ይተፋል።

ሞላው የተሰበረ ወይም መሃሉ የተቀደደ ሸራ ሲያጋጥማቸው የሚፈትሹት አገጣጠሙን ነው። ካምቢዮ ሲሰቀል ክብደቱ ለአፍታም ቢሆን ሸራው ላይ ከተንጠለጠለ መሃሉን ያጣምመዋል። እሳቸው ዘንድ ካምቢዮ በክሪክ ተደግፎ ቡሎኖቹ እስኪያዙ ማንም እጁን አይለቅም። የቮላኖው መሃል ላይ ያለችውን ትንሿን ኩሽኔታም በጣታቸው አዙረው ካንገራገረች ያወጧታል። ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ተረስታ ስትቀር ግን ማርሽ አላስገባ ይላል።

ልኬት ላይ ግምት አያውቁም። ከሪቬቱ ራስ እስከ ሸራው ፊት ያለው ጥልቀት ከ0.3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ሸራው ይጣላል። አዲሱም ቢሆን ዞሮ ሲለካ ከ0.8 በላይ ከተወላገደ ወደ ሱቅ ይመለሳል። የቮላኖው መወላገድ ከ0.1 ማለፍ የለበትም፤ ሸራውን ቮላኖው ላይ የሚጫነው የፕሬሸር ፕሌቱ ጣቶች የከፍታ ልዩነት ደግሞ ከ0.5። ሰማያዊ ነጠብጣብ ያወጣ ቮላኖ ቶርኖ ቤት ይላካል፣ ጥልቅ ስንጥቅ ካለው ግን አስልሶ መመለስ የለም። ይህን ደረጃ መዝለል አዲስ ሸራ ገና በመጀመሪያው ሳምንት እንዲንቀጠቀጥ ያደርጋል።

ሲገጥሙም ሸራውን በአሮጌ የካምቢዮ ዘንግ መሃል ያስይዙና የፕሬሸር ፕሌቱን ቡሎኖች ተሻጋሪ አድርገው በዙር በዙር ያጠብቃሉ። ዘንጉ ጥርስ ላይ የሚቀቡት ግራሶ ስስ ነው፤ ከበዛ በሽክርክሪት ተረጭቶ ሸራው ላይ ያርፋል። መኪናውን ከማስረከባቸው በፊት የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ጎማ አስደግፈው፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ነዳጅ ትንሽ ሰጥተው ፔዳሉን ቀስ ብለው ይለቃሉ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። አንዴ ብቻ ነው የሚሞከረው፣ መደጋገም ራሱ ሸራ ያቃጥላል።

ዕቃ እሳቸው አይሸጡም፤ ምን እንደሚገዛ ጽፈው ይሰጣሉ። ሸራ፣ ፕሬሸር ፕሌትና ኩሽኔታ አንድ ላይ ይገዛ ይላሉ፣ እኛም እንስማማለን። አይሲን ወይም ኤክሴዲ የሚል ካርቶን ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ዲያሜትሩንና የመሃሉን ጥርስ ብዛት ሱቁ ውስጥ አስተያዩ።

ጋሼ፣ ገበያ ሲያጡም ሲያገኙም ያው አንድ ዓይነት ሥራ ስለሠሩልን፣ በፓምፕ ብቻ የሚድነውን መኪና ካምቢዮ አውርደው ስላላስከፈሉን ከልብ እናመሰግናለን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። መኪናችሁ የሚንሸራተተው ሲሞቅ ብቻ ከሆነ ጠዋት ሳይሆን ከመስመር እንደገባችሁ፣ ሞተሩ ሳይበርድ ውሰዱላቸው።