ድሬዳዋ ያለው ነፃ የሕግ ድጋፍ፦ ለተጎዳው ትከሻዬ ምን አደረገልኝ?

እዚህ ድሬ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ሰዎችና ተማሪዎች የሚሠሩበት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለ። ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጋላ አካባቢ ሹሩባ እሠራለሁ። አንድ የግል ክሊኒክ የቴታነስ ክትባት ወጉኝ። በማግስቱ ክንዴ አልነሳ አለ። የክትባት ሕመም በጥቂት ቀን ይተዋል፤ የኔ ግን ወራት ቆየ። ሹሩባ ደግሞ ክንድ ካልተነሳ አይሠራም። የአጥንት ሐኪሙ መርፌው ከፍ ብሎ መወጋቱን ነገረኝ። ከትከሻ አጥንት ጫፍ ሁለት ሦስት ጣት ወረድ ብሎ፣ ጡንቻው መሃል መግባት ነበረበት። ከዚያ በላይ ሲሆን መገጣጠሚያው አጠገብ ያለችውን ፈሳሽ የያዘች ከረጢት ይነካና ይቆጣል።

አንድ ራፖር ጸሐፊ «ክትባቱ መርዞኝ» ብሎ ክስ ሊጽፍልኝ ነበር። የሕግ ድጋፉ ልጅ ግን ወረቀቶቼን እስከ መጨረሻው አነበበች። «ስሚኝ እህቴ፣ ክትባቱ ጥፋት የለበትም። አንቺ የምትከሺው አወጋጉን ነው» አለችኝ። ይህቺ አንዲት ነገር ጉዳዩን ሁሉ አስተካከለችው። እኔም ሰው ክትባት እንዲፈራ አልፈልግም።

አሜሪካ ውስጥ ለክትባት ጉዳት የተለየ የካሳ ፕሮግራም አለ። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለው የትከሻ ጉዳት ፕሮግራሙ የሚቀበላቸው ጉዳቶች በተዘረዘሩበት ሠንጠረዥ ገብቷል፤ ሕመሙ በ48 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። እኔ የምሄደው ግን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሰውን የጎዳ ይካስ ይላል። 2031 ደግሞ ስለ ባለሙያ ጥፋት ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ማስረዳት የኔ ሥራ ነው። ልጅቷ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ማን እንዳየኝ፣ የትኞቹ ደንበኞቼ እንደቀሩ አንድ በአንድ ጠይቃ ጻፈች። እንዲህ አድርጎ የሰማኝ ሰው አልነበረም። ከጎኔ የነበሩት እናት ደግሞ በኦሮምኛ ተስተናገዱ፤ ደስ አለኝ።

አንዷን ነጥብ የቀነስኩት በወረፋው ነው። ፈተና ሲደርስ ተማሪዎቹ ይቀንሳሉ፣ ሰው ግን አይቀንስም። ታማሚ ሰው ደግሞ እዚያ ወንበር ላይ ብዙ መቀመጥ ይከብደዋል።

ጉዳዬ ገና ፍርድ ቤት ነው። የምትሄዱ ካላችሁ በጠዋት ሂዱ። የክትባት ካርዳችሁን፣ የሐኪም ማስረጃና የገቢ ማሳያ ያዙ። በአንቀጽ 2143 ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነውና አትዘግዩ።