ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን አጥንት፦ ራጅ፣ ዴክሳ፣ አልትራሳውንድ ወይስ ሽንት?

ጽንስ ለአጥንቱ ከሚያከማቸው ካልሲየምና ፎስፈረስ 80 በመቶ ያህሉን የሚያገኘው በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ነው። በ27ኛው ሳምንት የተወለደ ልጅ ይህ ሁሉ ይቀርበታል። በዚያ ላይ በደም ሥር የሚሰጠው ምግብ ከረዘመ፣ ወይም ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) እና ስቴሮይድ ከታዘዘለት አጥንቱ ይሳሳል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ብቅ የሚለው ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ድምፁን አጥፍቶ ስለሚመጣም አንዳንዱ ሕፃን የሚታወቀው አጥንቱ ሲሰበር ነው።

ለጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል ዕቃ የምትገዙ ከሆነ፣ ልጁን ሳይወጉ አጥንቱን ማየት የሚያስችሉት አማራጮች እነዚህ ናቸው።

ራጅ አስቀድሞ በእጃችሁ አለ። ለደረት በተነሳ ራጅ ላይ የጎድን አጥንት ስብራት ሊታይ ይችላል። መሳሳቱን ግን ዘግይቶ ነው የሚናገረው፤ ከማዕድኑ ከ20 እስከ 40 በመቶ ካልጠፋ በዓይን አይለይም።

ዴክሳ በራጅ ጨረር የአጥንቱን ማዕድን መጠን የሚለካ ማሽን ነው፤ ጨረሩም ትንሽ ነው። ችግሩ ማሽኑ ወደ ሕፃኑ አይመጣም። ኦክስጅን ላይ ያለ 900 ግራም ልጅ ይዞ ሌላ ሕንፃ መሄድን አስቡት። ከተንቀሳቀሰ ልኬቱ ይበላሻል፤ ለአዋቂ የተሠራው ሶፍትዌርም አይሆነውም። ለምርምር ወይም ከሆስፒታል ለወጡ ልጆች ክትትል ጥሩ ነው። ለዚህ ክፍል ብቻ ብሎ መግዛት ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ገንዘብ መበተን ነው።

ሰውን የሚያወዛግበው አልትራሳውንዱ ነው። የሆድ ምስል የሚያነሳው ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ ምስል የሚባል ነገር የለውም። ድምፅ በአጥንቱ ውስጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት በሜትር በሰከንድ ይለካል፤ አጥንቱ ሲጠነክር ድምፁ ይፈጥናል። ጨረር የለውም፣ አልጋው ድረስ ይመጣል፣ ጥቂት ጄል ተቀብቶ በደቂቃዎች ያልቃል። ከሚታወቁት አንዱ የእስራኤሉ ኦምኒሴንስ ነው፤ በትንሽ ፕሮብ (ቆዳ ላይ በሚያርፈው የመለኪያ ጫፍ) ቅልጥም ላይ ይለካል። የጣሊያኑ ዲቢኤም ሶኒክ ደግሞ አጥንቱን ከሁለት ወገን ይዞ ድምፁ የሚያልፍበትን ጊዜ ይሰጣል። የአንዱ ቁጥር ለሌላው አይሠራም። ስለዚህ አንዱን ከመረጣችሁ እሱው ላይ ጽኑ።

ድክመቱን ሻጭ አይነግራችሁም። የቆዳና የሥጋ ውፍረት፣ እብጠትም ቁጥሩን ያዛባዋል። ያለጊዜያቸው በተወለዱ ልጆች ላይ ፍጥነቱ ከተወለዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት በራሱ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ በተመሳሳይ እግር ላይ ተደጋግሞ ሲለካ ግን አካሄዱ ይታያል። በዚህ ብቻ በሽታው አለ ወይም የለም ማለት አይቻልም።

ሽንት ከሁሉም ርካሽ ነው። በከረጢት ይሰበሰባል። ካልሲየሙ በሊትር ከ1.2 ሚሊሞል፣ ፎስፌቱ (ፎስፈረሱ ማለት ነው) ከ0.4 ሚሊሞል ካለፈ ልጁ የሚያገኘው ማዕድን ከሚያስፈልገው ተርፏል ማለት ነው። ፎስፌቱ ጭራሽ ከጠፋ እጥረት ይጠረጠራል። ላሲክስና ለትንፋሽ የሚሰጠው ካፌይን ግን የካልሲየሙን ቁጥር ከፍ ስለሚያደርጉት መድኃኒቱን ሳያዩ ውጤቱን ማንበብ አይቻልም።

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፣ እኔ ብሆን መሣሪያ አልገዛም። ላቦራቶሪው በደም ውስጥ ያለውን ፎስፌትና አልካላይን ፎስፋቴዝ (አጥንት ሲጎዳ ከፍ የሚል ኢንዛይም) ያለ መቋረጥ የሚለካበትን ኬሚካል አሟላለሁ። መርፌ አለው፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለሌላ ምርመራ ከሚቀዳው ደም ጋር አብሮ ይወሰዳል። የደም ፎስፌት በሊትር ከ1.8 ሚሊሞል ወርዶ አልካላይን ፎስፋቴዝ በሊትር ከ900 ዩኒት ካለፈ ጥርጣሬው ይበረታል።

ይህ ተሟልቶ ገንዘብ ከተረፈ ግን አልትራሳውንዱን ግዙ። ሻጩን የሕፃን ፕሮብ በዋጋው ውስጥ መኖሩን፣ በእርግዝና ሳምንት የተከፋፈለ ማነጻጸሪያ መኖሩን፣ ፕሮቡ በምን እንደሚጸዳና ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው ጠይቁ። ፕሮቡ ለብቻው የሚሸጥ ከሆነ፣ ዋጋ ስታወዳድሩ እሱን ደምራችሁ ይሁን።