ጠፍር የያዘው ቬተርሊ፦ ከወራት ጽዳትና አያያዝ በኋላ

ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ወጥተው አሜሪካ ውስጥ ለሰብሳቢዎች ከተሸጡት አሮጌ ጠመንጃዎች አንዱን፣ የጣሊያኑን ቬተርሊ ቪታሊ፣ ቨርጂኒያ በሚገኘው ቤቴ ካስገባሁት ወራት ተቆጥረዋል። መዝጊያው ያለ ችግር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ምላጩም ይሠራል፤ አብሮት የመጣው ሳንጃ ጥቂት ዘይት ብቻ ነበር የፈለገው። ስለ እነዚህ ብዙ የምለው የለኝም። ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በሰደፉ አንገት ላይ የተጠመጠመው ቆዳ ነው።

ሻጩ ዕቃውን ያቀረበው «ሰደፉ የተሰበረ፣ ለመለዋወጫ የሚሆን» በሚል የመጨረሻ ደረጃ ነበር። በፎቶግራፉ ላይ አንገቱ አካባቢ የሚታየው ጥቁር ነገር የቆሻሻ ክምር ይመስል ነበር። ጥላሸቱን ቀስ በቀስ ሳነሣው ግን ከሥሩ የወጣው በጅማት የተሰፋ ያልለፋ ቆዳ፣ ማለትም እውነተኛ የአገር ቤት ጠፍር ነው። ሰደፉ በእርግጥ ተሰብሯል፤ ስንጥቁ ከመዝጊያው ጀርባ ተነሥቶ በአንገቱ በኩል አግድም ይወርዳል። ይሁን እንጂ ጠመንጃውን ትከሻዬ ላይ ሳስደግፈው እንጨቱ ንቅንቅ አይልም። ቆዳው እርጥብ ሳለ ተጠምጥሞ ተሰፍቷል፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ ሁለቱን የእንጨት ክፍሎች እርስ በርስ አጣብቋቸዋል። በጠፍር አልጋ ላይ ተኝቶ ያደገ ሰው ይህን ጥበብ ያውቀዋል። ሙጫ ቢሆን ኖሮ በዘይትና በሙቀት ብዛት ይለቅ ነበር፤ ይህ ግን እስከ ዛሬ ይዟል። ስፌቱ የተሠራው ከታች፣ እጅ በማይሻክርበት በኩል መሆኑን ሳይ፣ የጠገነው ሰው መሣሪያውን የሚይዘውን ሰው እጅ ጭምር ያሰበ ባለሙያ እንደነበር ተረዳሁ።

የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴ ይህን ሲያይ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ጌታዬ፣ ይህን ቆዳ ቆርጠው ይጣሉት፤ ደህና ሰደፍ ፈልገን እንገጥምልዎታለን፣ ዋጋውም ይጨምራል።» እኔ ግን እንዲህ እለዋለሁ፦ ወዳጄ፣ ጣሊያን በብዙ ሺህ የሠራው እንጨት በየትም ይገኛል፤ ይህ ጥገና ግን የተሠራው ለዚህ አንድ ጠመንጃ ብቻ ነው። ቆዳውን ቆርጬ ብጥለው የሚቀረኝ የጣሊያን ዕቃ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረበትን ዘመን የሚመሰክርልኝ ከብረቱ ይልቅ ይህ ቆዳ ነው።

ነጋዴው ስለ አድዋ የሚያወራውን ወሬም አልቀበለውም። የጣሊያን ጦር በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሲሰለፍ ከያዛቸው ዋና ዋና መሣሪያዎች አንዱ ቬተርሊ መሆኑ እውነት ነው፤ ስለዚህም እያንዳንዱ ቬተርሊ «የአድዋ ምርኮ» ተብሎ ይሸጣል። የእኔው ጠመንጃ አካል ግን ይህን ይክዳል። የጣሊያኑ ቬተርሊ በ1870 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 10.35 ሚሊ ሜትር ጥይት በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ የሚጎርስ ነበር፤ በ1887 እ.ኤ.አ. ቪታሊ የሚባለው ካዝና (የጥይት መያዣ) ተጨመረለትና አራት ጥይት ያዘ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ፣ ከ1915 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ጣሊያኖች የጠመንጃ እጥረት ስለገጠማቸው የቆዩትን ቬተርሊዎች ቱቦ አስፍተው በውስጡ የ6.5 ሚሊ ሜትር ቀጭን ቱቦ አስገቡበት፤ ካርካኖ የሚባለው አዲሱ ጠመንጃቸው የሚጠቀምበትን ዓይነት፣ ስድስት ጥይት የሚይዝ ካዝናም ገጠሙለት። የእኔ እንዲህ የተለወጠ ነው። አድዋ ላይ ተማርኮ አገር ቤት የቀረ ጠመንጃ ጣሊያን አገር ገብቶ ሊለወጥ አይችልም። ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምናልባትም በ1928 ዓ.ም. ከገባው ወራሪ ጋር። ይህ ለእኔ ክብሩን አይቀንስበትም፤ ሐሰተኛ ታሪክ ለጥፎ መሸጥ ግን ያሳዝነኛል።

«ይተኩሳል» የሚለውን ማስታወቂያም እንዳታምኑ እለምናለሁ። የቬተርሊ መዝጊያ የታቀደው ለጥቁር ባሩድ ግፊት ነው፤ መቆለፊያ ጥርሶቹም ከፊት ሳይሆን ከኋላ ናቸው። የ6.5 ሚሊ ሜትሩ ጭስ አልባ ባሩድ ግፊት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ጣሊያኖች በጦርነት ጭንቀት የተጠቀሙበትን፣ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያለፈ ብረት ፊቴ አጠገብ አድርጌ አልተኩስም።

ወደ ጽዳቱ ልመለስ፤ ወራቱን የወሰደው እርሱ ነው። ችግሩ ቆዳው የብረቱን ጅራት፣ ማለትም ከመዝጊያው ኋላ ወደ ሰደፉ የሚዘረጋውን የብረት ምላስ፣ ከእንጨቱ ጋር የሚያስረውን ብሎን ሙሉ በሙሉ መሸፈኑ ነው። ስፌቱን ካልቆረጥሁ በስተቀር ብረቱን ከሰደፉ መለየት አልችልም። በዚህ ምክንያት ለአሮጌ ብረት የሚመከረው ቀላሉ መንገድ፣ ማለትም ሁሉንም ፈትቶ መቀቀል፣ ለእኔ ዝግ ነበር። መጀመሪያ የጥይት ቤቱ ባዶ መሆኑን አረጋግጬ መዝጊያውን አወጣሁና ፈታታሁት፤ እርሱን ብቻ በተጣራ ውኃ ቀቀልሁት። በፈላ ውኃ ውስጥ ቀዩ ዝገት ማግኔታይት ወደሚባል ጥቁር የዝገት ዓይነት ስለሚለወጥ፣ በለስላሳ ብሩሽ ሲነካ ይረግፋል፣ ከሥሩ ያለው ጤነኛ ብረት ግን አይጎዳም። መዝጊያው አሁን የጠቆረና ያማረ ነው።

ከሰደፉ ጋር የቀረውን ብረት ግን በእጅ ብቻ ነው የሠራሁት። ከደቃቅ የነሐስ ክሮች በተሠራ መፈግፈጊያ ላይ ጥቂት ቀጭን ዘይት እያደረግሁ ዝገቱን አሽቻለሁ፤ ዘይቱ ወደ ቆዳው እንዳይሰርግ የቆዳውን ጠርዝ በፕላስቲክ እጋርደው ነበር። ቱቦውን ከኋላ በኩል በገባ የነሐስ ብሩሽ ጠርጌያለሁ። የአሮጌ ጥይቶች ባሩዱን የሚለኩሰው ቅመም ብረት የሚያዝግ ጨው ይተው ስለነበር ቱቦውን በሙቅ ውኃ ማጠብ ይመከራል፤ እኔ ግን ውኃውን ማፍሰስ አልደፈርሁም፤ በውኃ የረጠበ ጨርቅ አሳልፌ ወዲያውኑ በደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያም በዘይት ተከተልሁት። ጠፍር ውኃ ካገኘ ይላላል፤ ረጥቦ ከሞቀ ደግሞ ይጨማደድና ስፌቱን ይቀድዳል። ስለዚህ ቆዳውን የነካሁት በለስላሳ ብሩሽና ጥላሸት በሚያነሣ ደረቅ የጎማ ስፖንጅ ብቻ ነው። እንጨቱ ላይም የተልባ ዘይት አልቀባሁም፤ ያጠቁረዋል፣ አቧራም ይሰበስባል፤ ዘይቱን ያረገዘ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ደግሞ በራሱ ሙቀት እሳት ሊነሣበት ይችላል።

የቀረብኝ ሥጋት ከቆዳው ሥር የማላየው ዝገት ነው። የምቆጣጠረው በአየሩ እርጥበት ብቻ ነው፤ መሣሪያውን የማኖርበትን ክፍል እርጥበት በመቶ ሃምሳ አካባቢ አቆየዋለሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ ከበዛ ብረቱ ይዝጋል፣ እጅግ ካነሰ ቆዳው ይሰነጠቃል። ሳንጃውንም ከቆዳ አፎቱ አውጥቼ ለየብቻ አስቀምጣቸዋለሁ፤ አፎት እርጥበት ስለሚይዝ ስለቱን ይበላዋል።

ለመተኮስ የሚፈልግ ሰው ይህን ጠመንጃ አይግዛ። ለእኔ ግን ከገዛኋቸው አሮጌ መሣሪያዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ ይኸው ነው፤ በሁለት እጥፍ ዋጋ ቢጠየቅም አልሸጠውም። እንዲህ ያለውን ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ የሰደፉን አንገት ከአራቱም አቅጣጫ በቅርበት ፎቶ እንዲያነሣላችሁ፣ ስፌቱ የጅማት ወይም የናይለን መሆኑን እንዲነግራችሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመላኩ በፊት «ላጽዳላችሁ» ብሎ ቆዳውን እንዳይነካው በጽሑፍ እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁ።