ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ የሕክምና ካናቢስ (ማሪዋና) መሸጫ ያየነው አገልግሎት

እናቴ በኬሞቴራፒ ምክንያት እህል እስኪያስጠላት ድረስ ያቅለሸልሻት ስለነበር፣ ሐኪሟ ማረጋገጫ ሰጥቷትና በሜሪላንድ የካናቢስ አስተዳደር ተመዝግባ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኝ አንድ መሸጫ ይዣት ሄድኩ። ባለሙያዋ ሳትቸኩል የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ጠየቀቻት፤ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን እንደምትወስድ ስትሰማም ካናቢስ ውስጥ ያለው ሲቢዲ የተባለ ንጥረ ነገር የዋርፋሪኑን ኃይል ሊጨምር ስለሚችል ሐኪሟን ሳናማክር ምንም እንዳንገዛ አሳሰበችን። ገበያ እያመለጣት እንዲህ መጠንቀቋ ልቤን ነክቶታል።

ሐኪሟ ፈቅዶ ስንመለስ የገዛነው ጠብታ ላይ የቲኤችሲው (የሚያሰክረው ንጥረ ነገር) እና የሲቢዲው መጠን በሚሊግራም ቢጻፍም፣ ፊደሉ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ እናቴ በመነጽርም ልታነበው አልቻለችም፤ ስለዚህ ፕላስተር ላይ «ማታ፣ ግማሽ ጠብታ መስጫ» ብዬ በአማርኛ ጽፌ ጠርሙሱ ላይ ለጠፍኩላት። ወጪውን ኢንሹራንስ አይሸፍንም፤ የተመዘገበ ታካሚ ግን የሽያጭ ግብር አይከፍልም።

ቅር ያሰኘኝ ስለ ኢሚግሬሽን ማንም አለማንሳቱ ነው። የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ ቢፈቅድም እንኳ ካናቢስ መጠቀም የዜግነት ማመልከቻን ሊያሰናክል እንደሚችል ገልጿል። ግሪን ካርድ የያዛችሁ ወገኖች ከመመዝገባችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።