«አደራ፣ ፎርማት እንዳታደርጊው» የተባላችሁበትን ላፕቶፕ አትግዙት

ከሱቁ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ምሳ አልበላሁም። ላፕቶፑ ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቶ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ «እንኳን ደህና መጡ» ይልና ከሥሩ የአንድ ትምህርት ቤት ስም ያወጣል። ድሬዳዋ ያለ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ከነጭራሹ ኢትዮጵያ ውስጥም የለም። የዚያን ትምህርት ቤት ኢሜይልና ፓስወርድ ካላስገባሁ ወደፊት አያሳልፈኝም። 38 ሺህ ብር የከፈልኩበት ዕቃ ነው።

እዚህ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብቶ ዕቃ የገዛ ሰው ሻጩን ያውቀዋል። መስታወቱ ላይ አራት አምስት ላፕቶፕ በርቶ ተደርድሯል፤ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት የሚያምር ፎቶ አለ። «ስላሽ ነው፣ ከዱባይ የገባ፣ ጭረት የለውም» ይላችኋል፤ ስላሽ ሰው የተጠቀመበት ዕቃ ማለት ነው። ስሙን እንኳ ሳትጠይቁት እህቴ፣ ወንድሜ ይላችኋል። ይህንን ለድሬ ሰው ማብራራት አያስፈልግም።

ቀን ቀን አንድ ትራንዚት ድርጅት ውስጥ ሂሳብ እሠራለሁ። ማታ ደግሞ የሦስት ሱቆችን ሂሳብ ቤቴ ሆኜ እይዛለሁ። እስካሁን የቢሮውን ላፕቶፕ እየለመንኩ ነበር የምወስደው። እቁብ ሲደርሰኝ የራሴን ልግዛ አልኩ። አዲስ አይታሰብም። በሐምሌ 2016 የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ አዲስ ላፕቶፕ የኔ ቢጤ ሂሳብ ሠራተኛ የሚደፍረው ነገር አይደለም። ስለዚህ ስላሽ።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሳላጣራ አለመሄዴ ነው። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ጀምሮ ነፃ የደህንነት ማሻሻያ እንደቆመበት አውቅ ነበር። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች እንደማይቀበል አንብቤ ነበር። ሱቅ ገብቼ ጄኔሬሽኑን አየሁ። ራሙን አየሁ። ኤስኤስዲ መሆኑን አየሁ። ቻርጀሩን ነቅዬ ባትሪው እስኪወርድ 40 ደቂቃ ቆሜ ጠበቅኩ። ኪቦርዱን ቁልፍ በቁልፍ እየተጫንኩ ፈተሽኩ። ልጁ «አቦ፣ አንቺስ ጎበዝ ነሽ» ሲለኝ ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ያን ደስታዬን መልሼ ብተፋው እወዳለሁ። ሁሉን ነገር አይቼ ዕቃው የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ምልክቱ እኮ ፊቴ ላይ ነበር። ከታች በኩል፣ ከጀርባው፣ አራት ማዕዘን የሆነ የሙጫ ቅሪት አለ። የሆነ ነገር ተለጥፎበት በምላጭ ተፍቋል። «ይሄ ምንድነው?» አልኩት። «የዋጋ ስቲከር ነው፣ ዱባይ ይለጥፉበታል» አለኝ። አመንኩት። እኛም ቢሮ ወንበሩ ሳይቀር የንብረት ቁጥር ይለጠፍበታል። ያን ቁጥር መዝገብ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ዕቃ የምቆጥረው እኔ ነኝ። ያንን ሙጫ በእጄ ዳስሼ አለፍኩት።

ኢንተርኔት አስገብቼ ልየው ስልም «ዋይፋያችን ዛሬ ተበላሽቷል» አለኝ። ስልኬ ላይ ዳታ ነበረኝ። ለማብራት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ተውኩት።

ከዚያ ገንዘቡን በሞባይል ባንኪንግ ላክሁለት። የሰጠኝ አካውንት የሱቁ አልነበረም፤ የአንድ ሰው የግል አካውንት ነው። ደረሰኝ ስለው ማሽኑ ወረቀት ጨርሷል። ቦርሳ በነፃ ጨመረልኝ። በሩ ድረስ ሸኘኝ። ልወጣ ስል ትከሻዬን ነካ አድርጎ እንዲህ አለኝ፤ «አደራ፣ ፎርማት እንዳታደርጊው። ኦሪጅናል ዊንዶውስ ነው ያለው፣ ከነካሽው ይጠፋብሻል።»

እኔ ይህንን ምክር ብዬ ሰማሁት። ለኔ አስቦልኝ መሰለኝ። ቤት ስገባ ለእህቴ እንኳ «ልጁ ጨዋ ነው» ብያታለሁ።

ስምንት ቀን ያለ እንከን ሠራ። በስምንተኛው ቀን ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም የሚጭንልኝ ሰው ቤት መጣ። ከፈተው፣ አየው፣ «በማታውቂው ሰው አካውንት ላይ የደንበኛ ሂሳብ አታስቀምጪ» አለኝ። ልክ ነው። ውስጡ ማን ምን እንደተወ አይታወቅም። የሦስት ሰው የንግድ ምስጢር ነው የምይዘው። ሪሴት እናድርገው ተባባልን። አንድ ሰዓት ከምናምን ፈጀ። ሲነሳ ዋይፋይ ጠየቀ፣ አስገባንለት። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ይህ ስክሪን መጣ። ሰውየው ዝም አለ። ቆየት ብሎ «እህቴ፣ ይሄ ዕቃ ባለቤት አለው» አለኝ።

ያስረዳኝን ልንገራችሁ። ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶችና ትምህርት ቤቶች ላፕቶፕ ሲገዙ የእያንዳንዱን ማሽን መለያ ማይክሮሶፍት ዘንድ በስማቸው ያስመዘግባሉ። አውቶፓይለት ይባላል። ማሽኑ እንደ አዲስ ተነስቶ መጀመሪያ ኢንተርኔት ሲያገኝ «የማን ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ይመጣለታል። ከዚያ የባለቤቱን ስም አውጥቶ የሠራተኛ ኢሜይል ይጠይቃል። መዝገቡ ሃርድ ዲስኩ ላይ ስላልሆነ መቶ ጊዜ ፎርማት ብታደርጉት አይጠፋም። ስሙን ከመዝገብ የሚያነሳው ባለቤቱ ነው። ሻጮቹ የሚያደርጉት ምንድነው? ኢንተርኔት ሳያስነኩ ዊንዶውሱን ይጭኑታል። ያኔ የማንንም ስም ሳይጠይቅ ይከፈታል። ፎርማት እስካልተደረገ ድረስ እንደ ደህና ዕቃ ይሠራል። «አደራ» ያለኝ ለዚህ ነበር። «ዋይፋያችን ተበላሽቷል» ያለኝም ለዚሁ ነበር።

የዚያኑ ማታ ለትምህርት ቤቱ ኢሜይል ጻፍኩ። ምናልባት አሮጌ ዕቃቸውን ሲያስወግዱ ከመዝገብ ማንሳት ረስተው ይሆናል ብዬ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አለ። ሴሪያል ቁጥሩን ላክሁላቸው። ትናንት መለሱልኝ። በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፉት። ላፕቶፑ የእኛ ነው አሉ። ከየት እንዳገኘሽው ንገሪን፣ የገዛሽበትንም ደረሰኝ ላኪልን አሉ። ደረሰኝ! ያነበብኩት ቢሮ ውስጥ ነበር። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። በሕይወቴ የሰው ዕቃ ነክቼ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት አስፈቅጄ ከቢሮ ወጣሁና ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር፤ ሱቆቹ ለቀትር ሊዘጉ ሲሉ። ልጁ ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ ቬንቲሌተሩን ወደ ራሱ አዙሮ ስልኩን ይነካካል። አጠገቡ አንድ ጓደኛው አለ። ላፕቶፑ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ዚፑን ገና አልከፈትኩትም። ያልኩት «ሰላም፣ ባለፈው ላፕቶፕ የገዛሁት ነኝ» ብቻ ነው።

ቀና ብሎ አየኝ። ወደ ስልኩ ተመለሰ።

«ፎርማት አደረግሽው፣ አይደል?» አለኝ።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ልረሳት አልቻልኩም። ምን እንደተበላሸ አልነገርኩትም። ዕቃውን አላወጣሁም። ባትሪው ይሁን፣ ስክሪኑ ይሁን፣ ልመርቀው መጥቼም ይሁን አያውቅም። እሱ ግን ያውቃል። ገንዘቤን ሲቀበል ያውቅ ነበር። ቦርሳ ሲጨምርልኝ ያውቅ ነበር። በር ድረስ ሲሸኘኝ አንድ ቀን በዚህ በር ተመልሼ እንደምመጣ ያውቅ ነበር።

«እንዴት አወቅክ?» አልኩት። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

«አደራ ብዬሽ ነበር አቦ። ማን ንኪው አለሽ?»

«የትምህርት ቤት ስም ነው የሚያወጣው። የሰው ዕቃ ነው የሸጥክልኝ?»

«ስላሽ ማለት እኮ የሰው ማለት ነው» አለና ወደ ጓደኛው ዞሮ ሳቀ። ጓደኛውም ሳቀ።

ደረሰኝ ብቻ ጻፍልኝ አልኩት። የምን ደረሰኝ አለኝ። ሳይነሳ፣ በጣቱ፣ ከጭንቅላቱ በላይ ያለውን ወረቀት አሳየኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ገንዘቤን መልስልኝ ስለው «እኔ ነኝ እንዴ ያበላሸሁት? ሠርቶ ነው የወሰድሽው» አለኝ። ከዚያ ውለታ የሚውልልኝ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አብሽሪ፣ 4 ሺህ ታመጪና ልጆቹ ነገ ይከፍቱልሻል» አለ። የሚከፍቱት እንዴት እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። መልሰው ያለ ኢንተርኔት ይጭኑታል፤ በሚቀጥለው ፎርማት ያው ስም ይመጣል። አንድ ጊዜ ለሸወደኝ ነገር ድጋሚ ልከፍል ነው። ደግሞስ ባለቤቱ የእኛ ነው ብሎ ጽፎልኝ እያለ እንዴት አስከፍተዋለሁ?

እንዲህ ቆሜ እያለ አንድ ልጅ ገባ። የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። መስታወቱ ላይ ያለውን ላፕቶፕ አሳይቶ «ይሄ ለፕሮግራሚንግ ይሆናል?» አለ። ለኔ ያልተነሳው ሻጭ ብድግ አለ። ቬንቲሌተሩን ወደ ልጁ አዞረለት። ላፕቶፑን አውጥቶ በረፋድ ብርሃን አገላበጠለት። የኔው ዓይነት ነው፣ ሞዴሉ ራሱ። ከታች ያው ሙጫ አለበት። ቆሜ እየሰማሁ ነው የሚያወራው። «ዋይፋያችን ዛሬ ተበላሽቷል» ሲለው ግን አልቻልኩም።

«ወንድሜ፣ በራስህ ዳታ ሞክረው። ሪሴት አድርጎ እዚሁ ያሳይህ» አልኩት።

ሻጩ በአንዴ ተለወጠ። «ውጪልኝ! ሥራ አታበላሺ!» ብሎ ጮኸ። ከጎን ሱቅ ሰዎች ወጥተው አዩኝ። አንዳቸውም ምን ሆነሽ አላሉኝም። አንደኛው «ሂጂ፣ ሂጂ፣ ቤትሽ ግቢ» አለኝ፤ እንደ ሰካራም፣ እንደ ለማኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ ያጠራቀምኩት ክብር አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቀረ። ልጁ ገዝቶት ይሁን ትቶት አላውቅም። ዕንባዬ ስለመጣ ቀድሜ ሄድኩ።

ገንዘቡ ያንገበግባል፤ የስድስት ወር እቁብ ነው። ከሱ በላይ የምታንገበግበኝ ግን ያቺ ቃል ናት። በዚህ ከተማ አደራም በሉት አማና፣ ሰው የሚፈራው ነገር ነበር። እናቴ ጎረቤት አደራ ያለቻትን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራ ነው የምትተኛው። እሱ ያንን ቃል ለሽወዳው መክደኛ አደረገው። እኔም በቃሉ ስለማምን አመንኩት።

ለምትገዙ ሰዎች ብዙ ምክር የለኝም። ብሩን ከመላካችሁ በፊት ሪሴት ያድርግላችሁ፣ በራሳችሁ ስልክ ዳታ አገናኙት፣ ዴስክቶፑ እስኪመጣ ተቀመጡ። አንድ ሰዓት ይፈጃል። እምቢ ካለ ውጡ። የተፋቀ ስቲከር ካያችሁ ውጡ። አይፎን ከሆነም ሴቲንግ ስትከፍቱ ከላይ ስልኩ በድርጅት የሚተዳደር መሆኑን የሚገልጽ ጽሁፍ ካለ አትንኩት። ያለ ደረሰኝ አትክፈሉ።

በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ ሻጩን የመጠየቅ መብት አለው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይህንን አይሽረውም። ዛሬ 11ኛ ቀኔ ነው። ነገ ጠዋት ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። በእጄ ያለው ማስረጃ የባንኩ መልእክት ነው፤ እሱም የማላውቀው ሰው ስም አለበት። ለትምህርት ቤቱ ዛሬ ማታ እውነቱን እንዳለ እጽፋለሁ፤ ላፕቶፑንም ለማንም አላስተላልፍም።

ታይዋን በቅርብ ጊዜ ላፕቶፕ ገዝታችሁ «አደራ፣ ፎርማት እንዳታደርጉት» የተባላችሁ ካላችሁ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በተለይ አንተ ዛሬ 5 ሰዓት ተኩል ላይ መታወቂያህን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ የገባኸው ልጅ፣ ገዝተኸው ከሆነ ቀንህ ገና አንድ ነው። ነገ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ንግድ ቢሮው በር ላይ እገኛለሁ፣ ና አብረን እንግባ።