አልለጥፍም ላሉኝ ጎሚስታ

ይህ ምስጋና ጎማዬን አልለጥፍም ብለው ለመለሱኝ አንድ ጎሚስታ ነው። ጥቆማም ነው። ስለዚህ መኪና የምትነዱ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከአንድ ክፉ ጉድጓድ በኋላ የፊት ቀኝ ጎማዬ ጎኑ ላይ አበጠ። የግማሽ እንቁላል ያህል ወጣ ያለ፣ ሲነኩት ለስለስ የሚል እብጠት ነው። ንፋሱ አልቀነሰም። መኪናው አይጎትትም፣ አይንቀጠቀጥም። መጀመሪያ ያየልኝ ሌላ ባለሙያ «ምንም አይልሽም፣ ትንሽ ንፋስ ቀነስ አድርገሽ ንጂው» ብሎኝ ነበር። ደስ የሚል ምክር ነው፣ ወጪ የለውም። ልቤ ግን አልተቀበለውም። ለሁለተኛ ሰው ላሳይ ብዬ ወደ ጋሼ ሄድኩ።

ጋሼ ክሪክ እንኳን አላነሱም። ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን በጎማው ጎን ላይ ዙሪያውን ቀስ አድርገው አስኬዱት። እብጠቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «ልጄ፣ ይሄ አይለጠፍም» አሉኝ። «ሌላ ቦታ ሄደሽ እንለጥፍልሽ ቢሉሽም እሺ እንዳትዪ።»

«ቀስ ብዬ ብነዳውስ?» አልኳቸው።

ዝም ብለው ከጥግ አንድ የተቆረጠ አሮጌ የቤት መኪና ጎማ አመጡ። የተቆረጠበትን ፊት አሳዩኝ። መንገድ የሚነካው ክፍል ወፍራም ነው፣ ውስጡ ቀጫጭን የብረት ሽቦ ተደርድሯል። ጎኑ ግን ስስ ነው። ሽቦ የለበትም፤ ላስቲክና በላስቲኩ መሃል የተዘረጋ ክር ብቻ ነው። ያንን ስስ ቦታ በጣታቸው ይዘው አጠፍ ዘርጋ፣ አጠፍ ዘርጋ አደረጉት። ጎማው በዞረ ቁጥር ጎኑ እንዲህ ይሆናል። የታመቀውን ንፋስ ችሎ የሚይዘው ያ ክር ነው። ጉድጓድ ጎማውን ከቸርኬው ጠርዝ ጋር ሲያጣብቀው ክሩ ይበጠሳል። ያኔ ንፋሱ በዚያ በኩል ላስቲኩን ወደ ውጭ ይገፋዋል። እብጠቱ እሱ ነው።

እንግዲህ በእብጠቱ በኩል ንፋሱን የያዘው ባዶ ላስቲክ ነው ማለት ነው። መቼ እንደሚፈነዳ ደግሞ ማንም አያውቅም። ዛሬ ማታ ሊሆን ይችላል፣ ከወራት በኋላም ሊሆን ይችላል። ሙቀት፣ ጭነት፣ ፍጥነትና ሌላ ጉድጓድ ያፋጥኑታል። ቀስ ብሎ መንዳት የሚደርሰውን ጉዳት ይቀንስ ይሆናል እንጂ የተበጠሰውን ክር አይቀጥልም። ልጣፊም እንደዚያው። ልጣፊ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ክር ግን አይጠግንም።

ንፋስ ቀንሺ መባሌን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ ይበልጥ ይታጠፋል። ሲታጠፍ ይግላል። ሲግል ደግሞ ላስቲኩና ክሩ እየተላቀቁ ይሄዳሉ። ለደህና ጎማ እንኳን የማይመከረውን ለታመመው ማዘዝ ምን ይባላል? እኔ ስም አላወጣለትም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጋሼ ጎማ አይሸጡም። አዲስ ግዢ ብለው ቢመክሩኝ የሚያገኙት ጥቅም የለም። ለጥፈው ቢሰጡኝ ግን የእጃቸውን ይቀበሉ ነበር። ስላዩልኝም ምንም አላስከፈሉኝም።

ስኮርቱን፣ መጠባበቂያ ጎማውን፣ ሊያስሩልኝ ክሪክ ሲያስገቡ የቀሩትንም ጎማዎች ዞር ዞር ብለው አዩ። የግራ የኋላው ላይ ሚስማር አገኙ። በቃ ሁለት ጎማ ልገዛ ነው ብዬ ስደነግጥ ሳቁብኝ። «ይሄኛውማ ይድናል።»

ልዩነቱ ቦታው ነው። ሚስማሩ የገባው መንገድ በሚነካው ክፍል መሃል ላይ ነው። እዚያ ጋ ሽቦ አለ፣ መተጣጠፉም ትንሽ ነው። ቀዳዳው እስከ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ከሆነ በደንብ ይጠገናል። ያው ሚስማር ወደ ጎኑ ቀረብ ብሎ ትከሻው ላይ ቢገባ ኖሮ መልሳቸው እንደ መጀመሪያው ይሆን ነበር።

አሠራራቸውን ቆሜ አየሁ። ሚስማሩን ለመንቀል አልተጣደፉም፤ መጀመሪያ ቦታውን በጠመኔ ከበቡት። ጎማውን ከቸርኬው አወጡት። እጃቸውን ውስጥ አስገብተው ጎኑን ዳበሱና መዳፋቸውን አሳዩኝ። ንጹህ ነው። ጎማ ተንፍሶ ከተነዳ የውስጥ ጎኑ ይፈጫል፣ እጅ ላይ ጥቁር የላስቲክ ዱቄት ይቀራል። ያ ዱቄት ካለ ቀዳዳው የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን ጎማው አይለጠፍም።

ከዚያ ቀዳዳውን አጸዱ። ውስጡን ፍቀው ማስቲሽ ቀቡትና ጠበቁ። እኔ ቸኩያለሁ፣ እሳቸው ግን ማስቲሹ ጠፈፍ እስኪል ንቅንቅ አላሉም። የለጠፉት ግንድ ያለው ልጣፊ ነው። ግንዱ ቀዳዳውን ሞልቶ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ጠፍጣፋው ከውስጥ ይጣበቃል። ግንዱ ከሌለ በቀዳዳው ውሃ እየገባ ሽቦውን ያዝገዋል። ጎማው ሳይወልቅ ከውጭ የሚወጋው ገመድ መሰል መድፈኛ ጎሚስታ ቤት እስክትደርሱ ቢረዳችሁ ነው። መጨረሻ ላይ የሳሙና ውሃ አፈሰሱበት። አረፋ የለም።

ንፋሱን የሞሉት በሾፌሩ በር በኩል ባለው ጽሑፍ መሠረት ነው። ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትከተሉ። እሱ ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ልክ ነው፣ ለመኪናችሁ የሚመከረው አይደለም።

እየሠሩልኝ የጠየቅኳቸውን ሁሉ መልሰውልኛል። ሚስማር ያገኘ ሰው ንፋሱ ካልወረደ መንቀል የለበትም። ቀዳዳውን የደፈነው ራሱ ሚስማሩ ስለሆነ ሳይፈጥኑ በቀጥታ ወደ ጎሚስታ መሄድ ነው። ጭራሽ በተነፈሰ ጎማ ግን ትንሽ ርቀት መንዳትም ጎማውን ይጨርሰዋል። ጎናቸው ተጠናክሮ የተሠሩ፣ ተንፍሰውም የሚሄዱ ጎማዎች አሉ። እነሱም ብዙውን ጊዜ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳይበልጥ ለ80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀጭኑ ስኮርትም የፍጥነት ገደቡ አብዛኛውን ጊዜ ያው 80 ነው።

ጎኑ ተቆርጦ ክር ከታየ ነገሩ ያለቀ ነው። ጥርሱም ተበልቶ ጥልቀቱ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ ብዙ አገር ሕጉ አይፈቅድም። በጥርሶቹ መሃል ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ እኩል ከሆኑ እዚያ ገደብ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ዕድሜውን ደግሞ ጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ (DOT) ከሚለው ቀጥሎ ባሉት ቁጥሮች መጨረሻ ታገኙታላችሁ። 2319 ካለ በአውሮፓውያን 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የእኔን ሳያነቡ አለፉ እንዳትሉ፣ አራቱንም አንብበዋል።

«እየነዳሁ ቢፈነዳስ?» ስላቸው እጃቸውን መሪ እንደያዘ ሰው ዘረጉ። መሪውን በሁለት እጅ አጥብቆ ቀጥ አድርጎ መያዝ። ፍሬን በድንገት አለመርገጥ። እግርን ከነዳጁ ላይ ቀስ አድርጎ ማንሳት፣ መኪናው ራሱ ፍጥነቱ ሲቀንስ ወደ ዳር ማውጣት። ፍሬኑን ስትናገሩ ቀላል ነው፣ እግር ግን ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው።

ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንድጽፍ አልፈለጉም። «ሥራው በዝቶ ከተጣደፍኩ እንደ ሌላው መሆኔ ነው» አሉኝ። ከልባችሁ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስትሄዱ ስኮርታችሁን የደበቀውን ዕቃ ከኋላ አውርዳችሁ ሂዱ። እሱንም ሳያዩ አይለቋችሁም።